ዘመዶቼን ልጠይቅ ሄጃለሁ

ፈንታነሽ፣

ባጃጁ በር ላይ ቆሞልኛል። እንዳልረብሽሽ ብዬ ሳልቀሰቅስሽ ሄድኩ ብል ውሸት ነው፤ ሳይሽ ስለምናደድ ነው።

ቺምፓንዚዎቹን ለማየት ኡጋንዳ የምሄደው ብቻዬን ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው አጠገባቸው እንደማይደርስ የፓርኩን ሕግ አብረን አንብበናል። የኛ ጉንፋን እነሱን ይገድላል። አንቺ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስልሽ አድሮ፣ "ዝንጅብል ጠጥቼ እደብቀዋለሁ፤ ማን ያውቃል?" አልሽኝ። ለበሽተኛው ሁሉ "ሲያስልህ አፍህን ሸፍን" ስትዪ የምትውዪ ነርስ!

ውኃ ዛሬ ይመጣል። በርሜሉን ሙዪው፤ እንደለመድሽው ተኝተሽ እንዳያልፍሽ።
የጉና ማር ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። ለሳልሽ ነው፣ ጨርሺው።
የዝናብ ልብስሽን ወስጃለሁ።
ትናንት አከራያችን ፊት የተናገርኩሽ ነገር...
እሱን ተይው።

ደግሞ ሰምቻለሁ። ጤና ጣቢያ ሰው ሰብስበሽ፣ "ዓይናለም ኡጋንዳ ድረስ ዘመዶቿን ልትጠይቅ ነው፤ እኔ አጃቢ ነኝ" እያልሽ ስታስቂብኝ ነበር አሉ።

ይሁን፣ ዘመዶቼ ናቸው።
ዘመዶቼ ዘንድ ደግሞ በሽታ የሚያስገባ አጃቢ ይዤ አልሄድም።

ዓይናለም