ስሙ ያልዞረው ካርታ

ሰኞ
ሐጂ ረሺድ ጠዋት የቡ ከተማ፣ ልጃቸው ቤት ሞቱ። ከዙሁር በኋላ ቀበርናቸው። አለቀስኩ፤ የምሬን ነው። አፈር ስናለብሳቸው ግን የቤቱ ካርታ ትዝ አለኝ። አስተግፊሩላህ።

ጅማ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ያለውን፣ ለተማሪ የምናከራየውን ቤት ከሳቸው ከገዛን አራት ዓመት ሆነን። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ውል ተጻፈ፣ ፋቲሃ ተቀራ፣ ሁሉም "ሙባረክ!" ብሎ ተነሣ። ካርታው እስከ ዛሬ በሳቸው ስም ነው። "ስም እናዙር" ስል ባለቤቴ ዘይነባ፣ "ታመው ሳለ? ሞታቸውን የምንጠብቅ ይመስላቸዋል" ትላለች። ሲሻላቸው ደግሞ እኔ፣ "ተሽሏቸው ሳለ ምን አጣደፈን?" እላለሁ። ለፊርማ የሚመች የጤና ሁኔታ አላገኘንላቸውም።

ማክሰኞ
መሬት አስተዳደር ሄድኩ።
"ሻጩ መጥተው ይፈርሙ" አለች መስኮቱ ላይ ያለችው።
"ትናንት ቀበርናቸው።"
"ነፍስ ይማር። እንግዲያው ወራሻቸው ከፍርድ ቤት ወራሽነቱን አውጥቶ ይፈርም።" ቀና አለች። "አራት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቁ ነበር?"
ቅጹ ላይ ይሉኝታ የሚሞላበት ቦታ የለም። ፈልጌያለሁ።

ወራሻቸው አንድ ናት፤ የየቡዋ ልጃቸው ፋጡማ።

ረቡዕ
የሐዘኑ ሦስት ቀን ይለፍ አልን። የመጽሐፍ አንድ ገጽ አራት ጊዜ አነበብኩ። ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም።

ሐሙስ
የቡ ሄድን። ፋጡማ ጓሮ፣ ቡና የሚሰጣበት የሽቦ አልጋ ላይ አጎንብሳ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። ቡና ለሐዘን አይቆምም።
"ማሎ! ጋሼ ከድር፣ ደግሞ መጣችሁ! አባ እንደናንተ ያለ ተከራይ የለም ይል ነበር።"
ተከራይ።
"ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቼን ይዤ ጅማ እገባለሁ፣ እዚያ ይማራሉ። 'ቤትሽ አለልሽ' እያለኝ ነው የሞተው።"
ዘይነባ አየችኝ። ውሉ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እዚያው ቀረ።

ሐጂ ቤቱን የሸጡት ፋጡማን ቀዶ ጥገና ለማስደረግ ነው። "ለምን እንደሸጥኩት እንዳትሰማ፤ በኔ ምክንያት ነው ብላ ትቃጠላለች" ብለው አስምለውናል። መሸጡን ራሱን አልነገሯትም ብለን ግን አላሰብንም።

ዓርብ
ያሉኝ መንገዶች፦
— ዝም ብሎ ቤቱን መልቀቅ። ሌላ መጦሪያ የለንም።
— "አባትሽ ሸጠውታል" ማለት። ሟቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ውሸታም ይሆናሉ።
— ለምን እንደሸጡት መንገር። መሐላው ይፈርሳል።
ከጁምዓ በኋላ ዘይነባ ደወለችላትና ነገ ነይ አለቻት። የትኛውን እንደመረጠች አልነገረችኝም።

ቅዳሜ
ፋጡማ ቤታችን መጣች። ውሉን ሰጠኋት። የአባቷን ፊርማ በጣቷ ተከተለችው።
"እጁ ነው። ግን ለምን? ምን ቸገረው?"
ጉሮሮዬን ስጠርግ ዘይነባ ቀደመችኝ። "አንቺን ለማሳከም ነው፣ ልጄ።"
"ዘመድ አዋጥቶ ነው ብሎኝ እኮ..." አለች፤ አልጨረሰችውም። ሻዩን አልነካችውም።

ቤቱን ልየው ስላለች ወሰድኳት። አልገባችም። የሕመምተኛ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው ግድግዳውን በመዳፏ ነክታ ቆመች።
"ሰኞ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። እፈርምላችኋለሁ፣ ኢንሻአላህ" አለች።
"አላህ ይስጥሽ" አልኳት።
ሚኒባስ ውስጥ ገብታ በመስኮት ጠራችኝ። "ጋሼ፣ ለልጆቹ አያታችሁ ሸጠው አልላቸውም። አንድ ቀን ከመጡ በሩን ክፈቱላቸው።"
እሺ አልኳት።

ቤቱ ተረፈልን። ፋጡማ ያለችውን ለዘይነባ ስነግራት አለቀሰች። በደስታ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር።