የሥራ ሰዓት ስለወጣለት ባሕር

ለክቡር አቶ ፍሌሚንግ ስኮው
የኖርድሉፕ መፈለጊያና የድርጅቶች ማውጫ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኮፐንሃገን

እጅግ የተከበሩ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በዚያ በመስታወት ሕንፃ ውስጥ የሚደክሙት ባልደረቦችዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ የተሟላ፣ ጣሪያችሁ የማያፈስ፣ እግራችሁም ዘወትር ደረቅ ይሁንላችሁ እያልሁ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የትራንሆልም ደሴት ነዋሪዎች የምዕራቡ ነፋስ ከሚያመጣብን ጉንፋንና እርስዎ ከሚልኩልን እንግዳ በቀር ደኅና ነን። ስሜ ሜታ ላውሪድሰን ይባላል፤ የነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ ስሆን የማኅበሩን ድረ ገጽ የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ አደራ እላለሁ። በግል የጻፍሁልዎት ሁሉ ሶፊ በምትባል ሠራተኛዎ እጅ ገብቶ ቀርቷል፤ ሶፊም የአባት ስም የሌላት፣ በገና ዕለት እንኳ በቅጽበተ ዓይን መልስ የምትሰጥ በመሆኗ ሰው መሆኗን መጠራጠር ጀምሬአለሁ።

እኛን ከጁትላንድ ምድር ጋር የሚያገናኘን አንድ የጠጠር መንገድ ብቻ ነው፤ የተዘረጋውም በባሕሩ ወለል ላይ ነው። ውሃው ሲሸሽ በመኪና ይኬድበታል፤ ሲሞላ ግን ግራና ቀኝ ከተተከሉት የጭራሮ ምልክቶች ጫፍ በስተቀር የሚታይ ነገር የለም። ሙላቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ የዛሬው ሰዓት የነገው አይደለም፤ ነፋሱ ከምዕራብ ሲጠና ደግሞ ከቀጠሮው ቀድሞ ይደርሳል። የማኅበራችን ድረ ገጽ ሥራው፣ ዛሬ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት መሻገር እንደሚቻል መናገርና ከሥሩ «ከተጠራጠሩ አይሂዱ» ብሎ መጻፍ ነው። ሥዕል የለውም፣ አያምርም፤ እሱን አንብቦ የተሻገረ ሰው ግን ሰጥሞ አያውቅም።

ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ሰው በባሕሩ ዳር የቆመውን ትልቅ ሰሌዳ ማንበብ ትቶ በእጁ የያዘውን ስልክ ማመን ከጀመረ ወዲህ፣ የእርስዎን መፈለጊያ «የትራንሆልም መንገድ» ብሎ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚያገኝ ለማየት ፈለግን። በመጀመሪያ የወጣው «ለፍቅረኞች የሚሆኑ ውብ የመኪና ጉዞዎች» የሚል ገጽ ነበር፤ ጸሐፊው ውሃው በሸሸበት አንድ የተባረከ ጠዋት እጮኛውን ይዞ አልፎ ኖሮ፣ መንገዱ ቀኑን ሙሉ እንደሚያስኬድ መስክሯል። ቀጥሎ የጎማ ቦት ጫማ የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ እሱ እንኳ ለነገሩ ይቀርባል። የእኛን ገጽ ያገኘነው ትራንሆልም የሚባል ተሸላሚ ውሻ ከሚያስተዋውቅ ገጽ በታች ነው። ውሻውን አልነቅፍም፣ ጸጉሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ሰዎች መንገድ የሚጠይቁት እሱን አልመሰለኝም።

፪ኛ/ ደረጃችን ከፍ እንዲልልን ብንለምን ሶፊ በታላቅ ትሕትና መከረችን። በገጻችሁ ላይ ያለው ሰዓት በየቀኑ ስለሚለዋወጥ የማይታመን ሆኖ ተገኝቷል አለችን፤ የረኩ ደንበኞች አስተያየትም የላችሁም፣ ስለዚህ በድርጅቶች ማውጫችን ተመዝገቡ አለችን። በማውጫው ለመመዝገብ የሥራ ዓይነት መምረጥ ግድ ስለነበር፣ ባሕር የሚል ስላላገኘን፣ ምግብ ቤትም ፀጉር ቤትም ስላልሆንን፣ ከሁሉ ይቀርባል ያልነውን «የመኪና ማቆሚያ» የሚለውን መረጥን። ያን ጊዜ ስቀን ነበር። ቀጥሎ የሥራ ሰዓት ተጠየቅን። ሰዓቱ በየቀኑ ይለያያል ብዬ ብጽፍ፣ ከሰኞ እስከ እሑድ ያለውን ቋሚ ሰዓት ያስገቡ ተባልሁ። ባሕር እኮ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ስለ ሰጡን ማብራሪያ እናመሰግናለን፣ ቋሚ ሰዓት ያስገቡ ተባልሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚለው አባባል ለእርስዎ መሥሪያ ቤት የተነገረ መሰለኝ።

፫ኛ/ ይህኛው ከእርስዎ ይልቅ እኛን ያሳፍራል፤ መነሻው እርስዎ ስለሆኑ ግን ድርሻዎን ይውሰዱ። መቼም በአገራችን ሦስት ሰው ከተገናኘ ማኅበር ይቋቋማል፣ ሊቀመንበርና ገንዘብ ያዥ ይመረጣል፣ በእጅ ብልጫ የተወሰነ ነገርም አንዴ ከተወሰነ በኋላ በእሱ ማኩረፍ ነውር ነው። በዚሁ ልማድ መሠረት በቀድሞው ትምህርት ቤት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ፣ ክሬም የተደረደረበት ኬክ ቀርቦ፣ የሥራ ሰዓቱ አጀንዳ ሆነ።

ሊቀመንበራችን አይናር ቢዬሬ ተነሥቶ፣ «ጎበዝ፣ እዚያ ማውጫ ላይ ካልወጣን የለንም ማለት ነው፤ መሃል ላይ ያለ አንድ ሰዓት እንስጣቸውና እንገላገል» አለ። ሰዎችን በትራክተር ጋሪ የሚያሻግረው ታጌ ደግሞ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ «አንተ አይናር፣ ባሕሩን አማክረኸዋል? መዋጮ አይከፍልም እንጂ እሱም እኮ አባል ነው» ሲል ቤቱ በሳቅ አውካካ። ከኋላ የተቀመጠችው ራግና፣ «ኧረ ታጌ ነገር አታርዝም፣ ክሬሙ ሳይቀልጥ እጃችንን እናውጣ!» አለችው። እጅ ወጣ፤ ታጌ ብቻ ተቃወመ፤ መንገዱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ክፍት እንዲሆን በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ሌላ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ባሕር ሰዓት አይወጣለትም ብሎ ይጣላ ነበር። እኛ ግን በአግባቡ ድምፅ ከተሰጠበት በኋላ ባሕሩም ውሳኔውን ያከብራል ብለን ሳናምን አልቀረንም።

ጉባኤው ጨርሶ እንዳላበደ ይረዱልኝ፤ ከሰዓቱ ሥር «ይህ ግምት ነው፤ የዕለቱን የውሃ ሰዓት ሳያዩ አይሻገሩ» የሚል ማሳሰቢያ እንዲጻፍ አብረን ወስነን ነበር፤ ብዙዎቹ እጃቸውን ያወጡትም እሱን ተማምነው ነው። እናንተ ግን ሰዓቱን ተቀብላችሁ ማሳሰቢያውን ጣላችሁት። ምክንያቱን ስጠይቅ ሶፊ፣ ጽሑፉ ደንበኛን የሚያሸሽ ቃል ስላለበት ከመመሪያችን ጋር አይስማማም ብላ መለሰችልኝ። ስለ ግልጽነቷ ምስጋናዬ ይድረሳት።

ውጤቱም ያማረ ሆነ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ከውሻው በታች የነበርነው ሰዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ፍቅረኞቹንና ቦት ጫማውን አልፈን ከሁሉ በላይ ወጣን። ከስማችንም ጎን «አሁን ክፍት ነው» የሚል ደማቅ አረንጓዴ ቃል በራልን።

፬ኛ/ ማን ያውራ የነበረ እንዲሉ፣ ይህን የምነግርዎ ከባሕሩ ዳር ቆሜ ስላየሁት ነው። ሶልቫይ የምትባል ወጣት ነርስ፣ ቋሚዋ ነርስ ዕረፍት ወጥታ በእሷ ምትክ የሽማግሌውን የአስገርን የእግር ቁስል ልታጥብ ተላከች። አገሩን አታውቅም፤ ከመነሣቷ በፊት ግን እንደ ማንኛውም ጠንቃቃ ሰው ስልኳን ጠየቀች፤ ስልኳም ክፍት ነው አላት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዳይመስልዎ፤ ልጅቷ ስለ ገደሉ ጠይቃ ነው ሳር ነው የተባለችው። መንገዱን ስታጋምስ ውሃው ከሁለቱም ወገን መጣ፤ መኪናዋ ቆመ፤ እሷም በመስኮት ወጥታ ጣሪያው ላይ ተቀመጠች።

ታጌ ትራክተሩን እየነዳ ሲደርስ ውሃው የመኪናውን መስኮት እየላሰ ነበር። ልጅቷ የመድኃኒት ቦርሳዋን አቅፋ ስልኳን ወደ እሱ እያሳየች፣ «ክፍት ነው ይላል እኮ! እዩት፣ አሁንም ክፍት ነው ይላል!» እያለች ትጮህ ነበር። እሱም፣ «እሺ ልጄ፣ እውነትሽን ነው፤ አሁን እሱን ተዪውና እጅሽን ስጪኝ» አላት። ጥርሷ ሲጋጭ ከትራክተሩ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር ብሎኛል። ያን ቀን ፈራሁ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ልጅቷ በሕይወት አለች፤ ወደ እኛ ግን አትመለስም፤ አልፈርድባትም። መኪናዋ እስካሁን እዚያው ነው፤ ውሃው በሸሸ ቁጥር ወፎች ይሰፍሩበታል።

በማግስቱ ጠዋት የእርስዎ ድርጅት በስልኳ፣ «የትራንሆልም መንገድ ጉብኝትዎ እንዴት ነበር?» ብሎ ጠየቃት። አንድ ኮከብ ሰጠች። እኛም የመጀመሪያውን የደንበኛ አስተያየት ስላገኘን ይበልጥ ታማኝ ሆንን ተባለ፤ ሶፊ የእንኳን ደስ አላችሁ መልእክት ልካልናለች።

፭ኛ/ ከዚያ ወዲያ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ሰዓቱ ይፋቅ አለ። የተሰጠን መልስ መረጃው በብዙ ተጠቃሚዎች ስለተረጋገጠ ሊለወጥ አይችልም የሚል ነው። ይለወጥ ካላችሁ የመንገዱ ባለቤት መሆናችሁን አረጋግጡ ተባልን፤ መንገዱ የመንግሥት ነው፣ ግማሹን ቀን ደግሞ የባሕሩ ነው፤ ከሁለቱ አንዳቸውም ለሶፊ ፊርማ አይልኩም። «እስከ መጨረሻው ተዘግቷል» የሚለውን መምረጥ እንደምንችል ግን በደግነት ተነግሮናል። እሱን ብንመርጥ የእርስዎን ካርታ የሚከተለው የአቅርቦት መኪና አይመጣም፣ አምቡላንሱም መንገድ የለም ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ወይ ሁልጊዜ ክፍት መሆን ወይ ሞተናል ብሎ ማመልከት ነው የቀረን።

ክቡር ሆይ፣ ከእንግዲህ ማሽሟጠጡን ለአንድ አፍታ ልተወውና የፈለግሁትን በቀጥታ ልናገር። የጥቅምቱ የድንች ዕረፍት እየመጣ ነው። ድሮ ልጆች ድንች እንዲለቅሙ፣ ዛሬ ደግሞ እንዲዝናኑ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በዚያ ሳምንት ቤተሰብ ሁሉ ልጆቹን ከኋላ ጭኖ ወደ ምዕራብ ባሕር ይነዳል፤ ነፋሱም የሚከፋው ያኔ ነው። በዚያ ሳምንት ሙላቱ የሚመጣው እናንተ ክፍት ባላችሁበት በእኩለ ቀን አካባቢ ነው። ታጌ ከወዲሁ ጠዋት ጠዋት ትራክተሩን ባሕሩ ዳር እያቆመ ይጠብቃል። ትናንት ሾርባ ይዤለት ብሄድ ሾርባውን ሳይነካ፣ «ሜታዬ፣ ሁለት መኪና ባንዴ ከገባ ወደየትኛው ልሂድ?» አለኝ። እርስዎ መልስ ካለዎት ይንገሩኝና እነግረዋለሁ፤ ከሌለዎት ያንን አረንጓዴ ቃል ከዚያ ሳምንት በፊት ያጥፉልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ብዬ ነው አስቀድሜ የምጮኸው።

እስካሁን ስላደረጉልን ነገር ሁሉ፣ ይኸውም ከውሻ በላይ ስላከበሩን፣ ማንም የማያውቀንን ሰዎች የማያውቀን ሰው ሁሉ እንዲመጣብን ስላደረጉ፣ ባሕራችንንም እንደ ባንክ ቤት በሰዓት ስላስተዳደሩልን ያለኝን ምስጋና በቃል ለመግለጽ አልችልም።

ከጥልቅ አክብሮትና ከከፍተኛ ስጋት ጋር፣ የደረጃዎ ተጠቃሚ፣ የመመሪያዎ ታዛዥ፣ የመኪና ማቆሚያዎ ጠባቂ፤

ሜታ ላውሪድሰን
የትራንሆልም ነዋሪዎች ማኅበር ጸሐፊ

ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ወደ ጋዜጣው ልልክ ስል የቢሮዎ ጸሐፊ ደወለችልኝ። ትንሿ ደሴታችን ከሁሉ በላይ በመውጣቷ ለሌሎች አርአያ ሆና ስለተመረጠች፣ እርስዎ ራስዎ በድንች ዕረፍቱ ቅዳሜ ሁለቱን የልጅ ልጆችዎን ይዘው የምስክር ወረቀት ሊሰጡን እንደሚመጡ ነገረችኝ። በስንት ሰዓት ብላት፣ «ስድስት ሰዓት ላይ፤ ክፍት መሆናችሁን እኛው ማውጫ ላይ አይተናል» አለችኝ። በዚያ ሰዓት ውሃው መንገዱ ላይ እንደሚሆን ሦስት ጊዜ ነገርኋት፤ ማውጫው ላይ ያለው የተረጋገጠ ነው ብላ ስልኩን ዘጋች። ይህ ጽሑፍ በእርስዎ መፈለጊያ ስንተኛ ላይ እንደሚወጣ ስለማላውቅ ይደርስዎታል ብዬ አልማልም። ለታጌ ግን ነግሬዋለሁ፤ እሱም አንድ ነገር ብቻ እንድጠይቅለት ለምኖኛል። ልጆቹ በኋላ ወንበር የሚቀመጡት በየትኛው በኩል እንደሆነ አስቀድመው ቢያሳውቁን፣ መስኮቱን በሌላው በኩል እንዲሰብር ነው።