ከእነዚያ ቤት ሰው ጋር የቀረብኩት ገበታ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት እናቴ ለወይዘሮ አመተ ሥላሴ፤ ሰቆጣ።

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚነሣብዎ ወገብዎስ ተሻለዎ? አዝመራው፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደኅና ነው? እኔ በወይብላ ማርያም ጠባቂነት አለሁ፤ የኮሪያ ጥይቱም ብርዱም እስካሁን አልፎኛል። ደኅና ያልሆነው ሐሳቤ ነው። መሪጌታ አሥራተ ማርያም ሆይ፣ ሲያነቡላቸው እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ ነገሩ ለእኔ ለባለቤቱም ግራ ገብቶኛል።

ከግንባር ለጥቂት ቀን ዕረፍት ብለው ቶኪዮ ወደምትባል የጃፓን ከተማ ሰደዱን። አሥር አለቃ ገብረ አማኑኤል የሚባል የተጉለት ሰው ጓደኛ አለኝ፣ ሳቅ የማይጠግብ። «የአገርህን ልጅ አግኝቼልሃለሁ፣ ሦስት ሆነን እንዞራለን» ብሎ ከሌላ ሻምበል አንዱን ይዞልኝ መጣ። ዞር ብዬ ሳይ ይግዛው ነው። አዎ እናቴ፣ ያው ይግዛው፤ ወንድሜን ዋሴን በግጦሽ ጠብ ገድሎ አበርገሌ የሸሸው ሰው ታናሽ ወንድም! ከጅቡቲ መርከብ ከተሳፈርን ጀምሮ ስሸሸው የኖርኩት ሰው። ለገብረ አማኑኤል ምን ልበለው? በሰው አገር የደም ነገር እንዴት ይወራል? አብሬያቸው መንገድ ጀመርኩ። ይግዛውም አንገቱን ደፍቶ ተከተለን። እርስዎ በዋሴ መቃብር ላይ «ከእነዚያ ቤት ሰው ጋር አንድ ገበታ የቀረበ ልጄ አይደለም» ብለው የማሉት ግን ከጆሮዬ አልወጣም።

ከተማውንስ ምን ብዬ ልንገርዎት! ሲመሽ ፊደሉ ሳይቀር በመብራት ይጻፋል። በባቡር ከከተማ አውጥተው አንድ የነሐስ ጣዖት አሳዩን፤ ተቀምጦ እንኳ ከዋርካ ይበልጣል፣ ሆዱ ውስጥ ሰው የሚገባበት በር አለው። ገብረ አማኑኤል እየሳቀ ገባ። እኔ ማርያምን አልገባም አልኩ፤ ይግዛውም አልገባም። ሁለታችን ውጭ ቀረን፤ እሱ ወዲያ እኔ ወዲህ እያየን። ስንመለስ ባቡር ጣቢያው ግርግር ውስጥ ጠፋሁ። ቋንቋ የለኝ፣ መንገድ አላውቅ፣ ላብ አጠመቀኝ። ድንገት አንድ ድምፅ በአገውኛ «ምንዋጋው! ወዲህ ነን!» አለ። የይግዛው ነው። ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ።

ባለፉት ቀናት ምግቡ ለየሰዉ በትንንሽ ሳህን ለየብቻ ይቀርብ ነበርና «ይኸማ አንድ ገበታ አይባልም» እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። በመጨረሻው ቀን እራት የምንበላበት ቤት ደጃፍ ላይ ጫማ አውልቁ አሉን። ጫማ የሚወለቅበት ቤተ ክርስቲያን እንጂ ሌላ ምን አለ? እኔ ሞኙ አማተብኩና መቃኑን ተሳለምኩ። ይግዛውም ከኋላዬ ተሳለመ። ገብረ አማኑኤል ሆዱን ይዞ ሳቀብን፤ ለካ ቤታቸው ሁሉ እንዲያ ነው።

ገብተን ስንቀመጥ አንድ ድስት ከነእሳቱ አምጥተው መካከላችን ጣዱት። ሥጋው እዚያው እየበሰለ ሦስታችንም ከዚያው ልንበላ ነው። እጄን ሰበሰብኩ። አስተናጋጇ ምግባቸውን የጠላሁት መስሏት ደነገጠች፤ ጎንበስ ቀና እያለች ትለምነኛለች። ይህን ጊዜ ይግዛው በአገውኛ «አንተ ብላ፤ እኔ ልውጣልህ» ብሎ ተነሣ። እሱም እንደኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። በሩ ጋ ሲደርስ ጠራሁት። ይግዛው ልለው ነበር እናቴ፤ ከአፌ የወጣው ግን «ዋሴ፣ ና ብላ እንጂ» ነው። ከየት እንደመጣ እንጃ! እሱ እዚያው መቃኑን ይዞ አለቀሰ። ከዚያ ተመልሶ ተቀመጠ። የመብያ እንጨታቸው አልያዝልን ቢል በእጃችን በላን። አጎረሰኝ፤ እኔም አጎረስኩት።

እንግዲህ ግራ የገባኝ ይኸ ነው። የበላሁት የጓደኛ እራት ነው ወይስ የወንድሜን ደም? ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ የቄስ መስቀል ሳይመጣ፣ በጣዖት አገር የተበላ ገበታ ዕርቅ ይባላል? አንዳንዴ ዋሴ የሚቆጣኝ ይመስለኛል። አንዳንዴ ደግሞ «የራበውን ሰው ከማዕድ ልታስነሣ ኖሯል?» የሚለኝ ይመስለኛል፤ እሱ እንደሆነ ያለ ሰው በልቶ አያውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርዎት። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ያውቃሉ። ይህን ሁሉ የጻፈልኝ ይግዛው ነው። ሌላ ጸሐፊ አጥቼ አይደለም፤ ነገሩን እሱም ይስማው ብዬ ነው። ዋሴ የሚለው ስም ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጣል፤ ጻፍ እለዋለሁ፤ ይጽፋል።

እኅቴን ጸሐይነሽን ከነልጆቿ በጣም አድርገው ሰላም ይበሉልኝ። የአጎቴን የአባ ወልደ ጻድቅን ጉልበት ይሳሙልኝ። የዋሴን ሚስት ይታየሽን ምን ብዬ ሰላም እንደምላት አላውቅም፤ ብቻ ሰላም ይበሉልኝ።

አሁን መጨረሻው ላይ ስንደርስ ይግዛው «ከስምህ በፊት ልጅዎ ብዬ ልጻፍ ወይስ ልተወው?» አለኝ። ቦታውን ባዶ እንዲተወው ነገርኩት። መሪጌታ፣ እናቴ የሚሉዎትን እዚያ ላይ ይጻፉበትና መልሰው ይላኩልኝ።

………… ምንዋጋው

ኮሪያ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፭ ዓ.ም.