ሠላሳ ሰባተኛው መስመር

ካንሳንጋ፣ ካምፓላ
ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ለታላቅ እህቴ፤

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ያ ነገረኛ በግሽ ሳይቀር ደህና ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ቢያንስ እስከ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ደግሞ «ይህን ማን ጻፈለት?» ብለሽ እንዳታፈላልጊ። እኔው ነኝ። መምህርት ሔሊና በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማታ ማታ የምታስተምረውን ፊደል፣ ሌላው ስድስት ወር ሲታገለው እኔ በሦስት ወር ዘረርኩት። «እንደ አንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብላኛለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሙጌርዋን ታውቂዋለሽ፤ ፎቶውን የላክሁልሽ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሪንግ ጥግ ቆሜ ፎጣና ውኃ የያዝኩለት ቦክሰኛ። ጓንቱን ሰቅሎ ለአገሩ ፕሬዝዳንትነት እየተወዳደረ ነው። ናኪቩቦ ገበያ ሲደርስ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ሁሉ ሞተሩን እያስጮኸ ይከተለዋል። ንግግር ሲያደርግ ዛሬም ውኃ የማቀብለው እኔ ነኝ። «ትንፋሽህን ቆጥብ» ስለው የሚሰማው እኔን ብቻ ነው። ይህችን እንኳ ጉራ ነው ብለሽ አትለፊያት።

ለዕጩነቱ ቢያንስ በሁለት ሦስተኛው ወረዳ፣ በእያንዳንዱ ቢያንስ መቶ የአገሩ መራጭ መፈረም አለበት። ዋንዴገያ ባለው ቢሯችን ሰው ሲፈርም ቆሜ ዋልኩ። ገሚሱ አውራ ጣቱን ቀለም ይነክራል። እኔ ደግሞ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ጣቴን ይዞ ሲያስነክረኝ የኖርኩ ነኝ። ብዕሩ ባዶ መስመር ላይ ተጋድሞ ሳየው እጄ አላስችል አለኝ። ሠላሳ ሰባተኛው መስመር ላይ ስሜን ከነአያቴ፣ በአማርኛ፣ አሳምሬ ጻፍኩት። የሰው አገር ሰው መሆኔ ትዝ ያለኝ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ያኔም ለማንም ሳልናገር ብዕሩን ለቀጣዩ ፈራሚ አቀበልኩ።

የተቀናቃኙ ጠበቆች አገኙት። «ይህ የማን ቋንቋ ነው? ዝርዝሩ የተፈበረከ ነው» ብለው ከሰሱ። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ይወሰናል። ፈራሚው ቀርቦ «የእኔ ነው፣ ማንም አላዘዘኝም» ካለ አንድ መስመር ብቻ ይሰረዛል፤ መቶ አምስት ይተርፋል። ካልቀረበ ወረዳው በሙሉ ይወድቃል። ትርፍ ወረዳ የለንም፤ ዕጩነቱም አብሮ ይወድቃል።

ትናንት ሙጌርዋ ወረቀቱን ተቀብሎ መስመሯን በጣቱ ተከተላት። ፊደል ስለማመድ በአሮጌ የእጁ ፋሻ ላይ ስሜን ስጽፍ ስንቴ ስቆብኛል መሰለሽ፤ ጽሕፈቴን ያውቀዋል። ከዚያ ወደ ጋዜጠኞቹ ዞሮ «ብዕር የሞከረ ሰው የጫረው ነው፤ ማን እንደሆነ አላውቅም» አላቸው። ጭረት። የአባቴን ስም። ትክ ብዬ አየሁት። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም፤ በአሥራ አንድ ዓመት ዓይኔን ሲሸሽ ይህ የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ሰፈር ምግብ ቤት ያለው ያገራችን ሰው ወንድይፍራው ደግሞ «አንተ ቀልደኛ፣ አፍህን ዘግተህ ኬንያ ተሻገር፤ ከተናገርክ፣ የውጭ ሰው በምርጫችን እጁን አስገባ ብለው በማግሥቱ አውሮፕላን ላይ ነው የሚጭኑህ» አለኝ። ቲኬቱን እነሱ ከቆረጡልኝማ ምን ከፋኝ አልኩት። አልሳቀም። እኔም ብዙ አልሳቅሁም።

ነገ ጥቁሩን ኮቴን እለብሳለሁ። ጭረት የተባለውን ፊደል በፊደል አነብላቸዋለሁ፤ ሔሊና እንኳ እንደዚያ አድርጋ አታነበውም። ፎጣውን አጥቤ ሙጌርዋ ጠረጴዛ ላይ አጣጥፌ ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የድሮ ክፍሌን፣ የጓሮዋን፣ የእህል ማስቀመጫ አድርገሻታል አሉ። እህሉን ወደ ሌላ ቦታ አዙሪው፤ መስኮቷንም ክፈቺና ትናፈስ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ወገብሽን ያጽናልሽ፤ ደጅሽ እንግዳ አይጣ። ስሜን እዚህ አልጽፈውም፤ አንድ ቦታ የጻፍኩት ይበቃል።

ታናሽ ወንድምሽ