ፊት የሌለው ደንበኛ

ወንድምዓለም፣

መሰላልህን ወስጃለሁ። የፀጉር ቤትህን ታፔላ ላወርደው ነው የሄድኩት።

ትናንት ስትሰቅለው «መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ፊቱ የታለ?» ብትለኝ፣ «አንተ መቀስህን ያዝ፣ ስዕሉን ለኔ ተወው» አልኩህ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ሦስት ሰዎች ታፔላው ስር ቆመው ይስቃሉ። አንዱማ ፎቶ ያነሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ደንበኛ ከጀርባው ሳልኩት። ለነጸብራቁ እንደገና መሳል ሰልችቶኝ ያንኑ ኮፒ አደረግኩና ግራ ቀኙን አገላበጥኩት፣ ትንሽ አፈዘዝኩት፣ መስታወቱ ውስጥ ከተትኩት። ኮምፒውተሩ ላይ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ! ለካ ሰውዬው መስታወት ፊት ተቀምጦ የሚያየው የገዛ ማጅራቱን ነው።

ኮምፒውተሩን እንዳትነካብኝ። ፊት እየሳልኩለት ነው፣ አፍንጫ ብቻ ቀርቶታል።

ከማተሚያ ቤት ከደወሉ «መንገድ ላይ ናት» በላቸው።

ሩዙን አሙቀህ ብላ።

ደግሞ «ምን ነካሽ? ፀጉር ቤት በር ላይ መላጣ ይሳላል? ያውም ሁለቴ!» ብለህ ጮኸህብኛል። ያልነገርኩህ ነገር አለ። ሰውዬውን የሳልኩት ከፎቶ ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ደንበኛ ጠፍቶ ወንበርህ ላይ ጋዜጣ ስታነብ፣ ከኋላህ ቆሜ።

ይቅርታ።

ለደንበኛ ሁሉ የኋላውን የምታሳይባትን ትንሿን መስታወት ጠዋት ከሱቅህ ይዣት መጥቻለሁ፤ ወረቀቱ ስር አለችልህ።

መጀመሪያ ግን ቁጭ በል።

እህትህ