የአስታ አምባ ወሰንና እኔ የወለድኩት አባት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ውርጭ። ቢሮ ውስጥ በጋቢ ተጀቡነን ሕዝብ እያገለገልን ነው... ማለትም ተቀምጠናል።

ኃላፊያችን አፈወርቅ ጠራኝ። "ምንይሉ፣ መቼም አንተ ብዕር አለህ።" ብዕር አለህ ካለኝ ሥራ ሊጭንብኝ ነው። የምርጫ ክልሎችን ወሰን የሚያጠና ቡድን በታኅሣሥ ወደ ከተማችን ዘመሮ ይመጣል። የእኛ ክልል ታሪክ ተጽፎ ይቅረብ ተብሏል። ሁለት ገጽ። ዋናው ጉዳይ አስታ አምባ።

አስታ አምባ በእኛ በኩል፣ አፋፉ ላይ ያለች ጎጥ ናት። ከዘመሮ ሜዳ ለሜዳ ይደረስባታል። ምርጫ ሲመጣ ግን የወንዝ ማዶው ክልል ናት! ድምፅ ለመስጠት ገደሉን መውረድ፣ ጥቁር ውሃን መሻገር፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ዳገት ተመልሶ መውጣት ነው። ተመራጩም የማዶ ሰው ነው፤ አንድም ቀን ወደ እነሱ ወጥቶ አያውቅም። አክስቴ እትዬ ብርነሽ የሚኖሩት እዚያ ነው። ባለፈው ምርጫ ማግስት "ድምፄን ሰጥቼ ጉልበቴንም እዚያው ትቼው መጣሁ" ብለውኝ ነበር። ወደ ዘመሮ መልሱን ብለው ጎጡን ያስተባበሩት እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

እውነተኛው ታሪክ ግማሽ ገጽ አልሞላም። በጃንሆይ ዘመን ክልሉ አውራጃውን ያህል ሰፊ ነበር፤ እንደራሴው በበቅሎም አይጨርሰውም ነበር። በደርግ ጊዜ ሸንጎ መጣ፣ መስመሩም አብሮ ዞረ። ከዚያ ወረዳ ወረዳን እየወለደ ሲሄድ፣ አንዱ ካርታ ላይ አሰመረና አስታ አምባን ማዶ ጣላት። ለምን? እንጃ። ካርታ ላይ ገደል የለም። ወረቀት ለጥ ያለ ሜዳ ነው።

የቀረው አንድ ገጽ ተኩል በምን ይሞላ? አባት ፈጠርኩ። አቤቶ ወሰንየለው! ጦሩን ጥቁር ውሃ ውስጥ ሰክቶ "እስከዚህ የኔ" ያለ፣ አስታ አምባን ከዘመሮ ጋር ለዘላለም ያሰረ ጀግና። ለጽሑፍ ሠራተኛችን ለኮከብ ሳነብላት በሳቅ እንባዋ መጣ።

"ልጅ የለውም እንዴ?" አለችኝ። "መካን አባት ለመንዝ ምን ያደርግለታል?"

ተገቢ ጥያቄ። ሴት ልጅ ወለድኩለት፣ ወይዘሮ የሺመቤት። ወንዝ አሻግሬ ማዶ ዳርኳት። ሰባት ወለደች። በአንድ ከሰዓት ይህን ሁሉ ዘር!

ለሳቅ ነው። ነገ አወጣዋለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

አላወጣሁትም። ዓርብ ልቅሶ ሄጄ ስመለስ አፈወርቅ ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ አንብቦታል።

"ታሪክ ማለት ይሄ ነው! ከየት አገኘኸው?"

"ከ... አባቶች።"

ኮከብ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ "ኧረ ቀልድ ነው" ብል ምን ነበረበት? ግን ሙገሳው ሞቀኝ። በዚህ ውርጭ የሞቀውን ማን ይገፋል? ማኅተም ተመታበት።

እሑድ፣ ኅዳር 28

አስታ አምባ። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ። አፈወርቅ ቆሞ ጽሑፌን አነበበ። ከዚያ የጎጡ ተጠሪ አቶ መኳንንት ጠላቸውን መሬት አስቀመጡና፣

"እኔ ስድስተኛው ነኝ" አሉ።

ምን ስድስተኛ? የአቤቶ ወሰንየለው ስድስተኛ ትውልድ! በጣታቸው ቆጠሩ። አንድም አልሳቱም። ከወዲያ ሌላ ሽማግሌ ተነሡ፣ "አንተ ስድስተኛ ከሆንክ እኔ አምስተኛ ነኝ፤ አባትህን ክርስትና ያነሣው ማን ሆነና!" ቄሱ ባይገላግሉ ለእንጀራ የተዘረጋው እጅ ለጥፊ በተነሣ ነበር።

እንዴት ረሳሁት? እኛ አገር አባት ተገኝቶ ሳይቆጠር አያድርም። በአባት ባይሆን በእናት ይወረዳል። የመንዝ ልጅ አይደለሁም እንዴ እኔ?

እትዬ ብርነሽ ወደ ጥግ ወሰዱኝ። "ለትዳር እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ መጤ ሲሉኝ ኖረዋል። በእናቴ በኩል ለካ የሱው ነኝ! አንተ ልጅ፣ አጥንቴን ቆፍረህ አወጣህልኝ።" ግንባሬን ሳሙኝ።

ግንባሬ እስካሁን ይፈጀኛል። በእሳቸው ስቆጠር እኔም የፈጠርኩት ሰውዬ ዘር ሆኜ አረፍኩት። እስቃለሁ ብዬ ነበር... አልመጣልኝም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። ጽሑፌ ድጋሚ ተነበበ። አስታ አምባዎች አጨበጨቡ። ከዚያ የማዶው ሽማግሌ አቶ ይሥሐቅ ኩታቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ደግ ተነበበ። ወይዘሮ የሺመቤት የማን እናት ናት? የኛ። ሰባቱ ልጆቿስ የት ወደቁ? ማዶ፣ እኛው ዘንድ። አስታ አምባና እኛ የአንድ አባት ልጆች ነን ማለት ነው። ታዲያ እናንተ የተማራችሁ፣ ወንድምና እህትን በኮሮጆ ታለያያላችሁ?"

የማዶ ሰው እልል አለ። ለጌጥ ብዬ የዳርኳት ሴት!

የቡድኑ መሪ፣ መነጽር ያደረገ ወጣት፣ ወደ አቶ መኳንንት ዞረ። "አባቴ፣ እርስዎ የአቤቶ ወሰንየለው ዘር ነዎት?"

አይደለሁም ቢሉ ጎጡ ፊት የቆጠሩት ጣት ምን ይሁን? "ስድስተኛው ነኝ" አሉ። ደረታቸውን ነፍተው።

እትዬ ብርነሽ እጃቸውን አወጡ። "ዘመድነቱ ይሁን። ገደሉንስ ማን ይደልድልልን?"

"እናቴ፣ አሁን የምናየው ታሪኩን ነው።"

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። ተናገር እንጂ፣ የተማርከው አንተ አይደለህም ወይ የሚል ዓይን። እኔ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። ክር የሌለው ጫማ ነበር ያደረግሁት።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ምንም አልጻፍኩም። ምንም አልቀመስኩም። ሁለተኛው ውሸት ነው፣ ቆሎ በልቻለሁ። ከውሸት አልወጣ አልኩ እኮ!

ቅዳሜ፣ ጥር 9

ውሳኔው ከመጣ ሳምንት ሆነው። "ካለው ታሪካዊ ትስስር አንጻር አስታ አምባ ባለበት ይቀጥል።"

ለአፈወርቅ ፈጠራ መሆኑን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ማኅተሙ ትዝ አለው መሰለኝ፣ በሩን ዘጋ። "ሕዝቡ ደስ ብሎታል። ምን አነካካህ?"

ለቡድኑ መሪ ደወልኩ። "ሰውየው የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

"አለመኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ አለህ?"

አለ ስል ማስረጃ የጠየቀኝ አልነበረም። የለም ስል ማስረጃ አምጣ! በጽሑፍ አስገባሁ። በሚቀጥለው ጥናት ይታያል ተባልኩ። የሚቀጥለው መቼ ነው? እኔም ከብዕር ተነሥቼ ለስብሰባ ድምፅ ማጉያ ወደ መትከል ተዛውሬያለሁ። "ሀሎ፣ አንድ፣ ሁለት" እላለሁ። በዚህ ሥራ ቢያንስ የምለው ሁሉ እውነት ነው።

እሑድ፣ የካቲት 8

የቅበላ እሑድ። ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። በግ የታረደበት ሰንበቴ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ሦስት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አቤቶ የሚባል የለም። የሺመቤትም የለችም። እኔ ነኝ።

አቶ መኳንንት አጥንት እንደያዙ ቀሩ። "አሁን ደግሞ አባታችንን ልትነጥቀን መጣህ?"

"ኧረ የለም ነው የምልዎት።"

"ማዶዎች ምን አጉርሰውህ ነው?"

"እሱማ ይኑርም አይኑር" አሉ ሌላኛው ሽማግሌ፣ "አምስተኛው እኔ ነኝ።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ዓመት ሙሉ እስቅ ነበር። ዓይኔ ግን እትዬ ላይ ነበር። ቁራሻቸውን አስቀመጡ።

"ስትጽፈው ትስቅ ነበር?"

ጋቢዬን አስተካከልኩ።

"እጠይቅሃለሁ እኮ። ሳቅህ?"

"አዎ።"

"ከማን ጋር?"

"ቢሮ ካለች ልጅ ጋር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። ምነው በተቆጡ! ነጠላቸውን አጣፉና፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጡበት ከመሃል ተነሥተው በር አጠገብ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ሄደው ተቀመጡ። መጤ ሆነው። እኔ አስገባኋቸው፣ እኔ አስወጣኋቸው።

ማታ ሁለት ጊዜ ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ። "ደህና ነኝ፣ ግባ" አላሉኝም። "ደህና ነኝ" ብቻ።

እሑድ፣ ሰኔ 14

ምርጫ። ሌሊቱን የዘነበው መንገዱን ሳሙና አድርጎታል። የእኔ ምዝገባ ዘመሮ ነው፤ ማልጄ ድምፄን ሰጠሁና ወደ አስታ አምባ ገሠገሥኩ። የጎጡ ሰው አብዛኛው ቤቱ ቀርቷል። ስድስተኛው ትውልድ ወገባቸውን አሟቸዋል።

እትዬ ብርነሽ ዱላቸውን ይዘው አፋፉ ላይ ቆመዋል። ብቻቸውን። እጄን ዘረጋሁ። አዩትና ያዙት። እስከ ወንዙ ድረስ ሁለቴ ተንሸራተቱ። ሁለተኛው ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ጉልበታቸውን ያዙ... እኔ ነኝ እኮ እዚህ ያመጣኋቸው።

ማዶ ምርጫ ጣቢያው ጋ ስንደርስ አቶ ይሥሐቅ ከሰልፉ ፊት ሆነው ጮኹ፣ "እህታችን መጣች! አሳልፏት፣ የአቤቶ ዘር ናት!" ሰልፉ ተከፈለ። እትዬ ዱላቸውን ተክለው ቆሙ።

"ዘመድ ከሆንንማ አቶ ይሥሐቅ፣ በሚቀጥለው ኮሮጆውን እናንተ ተሸክማችሁ ወደ እህታችሁ ውጡ።"

ሰልፉ ሳቀ። አቶ ይሥሐቅም ሳቁ፤ ቀና ብለው አፋፉን ሲያዩ ግን ሳቃቸው ተቋረጠ። እትዬ ወረፋቸውን ጠብቀው፣ ከሁሉም በኋላ ገቡ።

ሲወጡ ጣታቸው ላይ ቀለም ነበር። ጭቃው ላይ በጉልበቴ ወደቅሁ። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ወደ ዳገቱ አዩ። ረጅም ነው። ጫፉ ጉም ውስጥ ገብቷል።

"ተነሥ" አሉኝ። "መጀመሪያ እንውጣውና ከዚያ እነግርሃለሁ።"

ወጣነው። አጋማሹ ላይ ስንደርስ አዝዬ ልውጣ ብዬ ጎንበስ አልኩላቸው። ቆመው አሰቡበት... ከዚያ ጀርባዬ ላይ ወጡ። ቀላል ናቸው። አፋፉ ላይ ሳወርዳቸው ትንፋሼ ተቆርጦ ስለነበር አልጠየቅሁም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ግን ቤታቸው ስንደርስ በሩን ከፍተው ገቡና ገርበብ አድርገው ተዉት።