የሰብለ የፈረንሳይኛ ደብተር

ሰኞ

እንደገና ሳቀች። ሳሎን ቁጭ ብላ፣ ስልኳን አፏ ሥር ይዛ "ዠ ቬ ፓርቲር፣ ቱ ቫ ፓርቲር" እያለች ለመምህሯ ድምፅ ትቀዳለች፤ ልሄድ ነው፣ ልትሄድ ነው። ተሳሳተች፣ ሳቀች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ሚስቴ ከእኔ ጋር ስትሳሳት ስቃ አታውቅም።

መምህሩ ናትናኤል ይባላል። ወሰን ሰፈር፣ ከጋራዥ በላይ ባለች ክፍል ያስተምራል። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አይቼዋለሁ፤ ጢሙን በሥርዓት ይከረከማል።

እኔ ድሬዳዋ ያደግኩ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ራት ከመቅረቡ በፊት የፈረንሳይኛ ግስ ያስረባን ነበር። በሃምሳ አራት ዓመቴ ዛሬም አንድ አልስትም። ሰብለ ግን ቋንቋው ሲያስፈልጋት ወሰን ሄደች። የምትሠራበት የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ጅቡቲ ቅርንጫፍ ሊከፍት ነው፤ ፈተና አለ፣ ተወዳድሬ ልየው አለች። የማውቀው ይህን ያህል ነው።

እውነቱ ይጻፍ፦ መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነበር። ሦስት ምሽት አስተማርኳት። በሦስተኛው ደብተሩን ዘግታ ተነሣች።

ዛሬ በሩ ላይ ቆሜ የሰማኋቸው ስህተቶች፦
"እኛ" ብላ ጀምራ በ"እሱ" ማርባት። ሁለት ጊዜ።
ዋናውን ግስ ሳታስከትል ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት።
"ር"ን እንደ አማርኛ መጥራት።

እሱ አንዱንም አላረመም። "ብራቮ" ብሎ መለሰላት። ለምኑ?

ማክሰኞ

ቢሮ ስትሄድ ደብተሯን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ረሳችው። አልነካም ብዬ ነበር። ቁርሴን ጨርሼ ነካሁት።

ፈረንሳይኛው ከላይ፣ አነባበቡ በአማርኛ ፊደል ከሥር። የጀማሪ ሁሉ አመል ነው፤ እንዳታደርጊው ብያት ነበር። ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። የሥራ ልማድ ነው፤ የምኖረው ሌሎች መሐንዲሶች የሠሩትን ንድፍ በማረም ነው። አሥራ ሰባት ቦታ አረምኩ።

መጨረሻው ገጽ ላይ እጄ ቆመ። "ዠ ቬ ዲር ላ ቬሪቴ አ ሞን ማሪ።" ለባሌ እውነቱን ልነግረው ነው።

በደብተሩ ውስጥ ስህተት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ምን እውነት? ስንት ጊዜ ብትለማመደው ነው እንዲህ የጠራው? ማን አለማመዳት? ቢሮ ገብቼ አንዱን ምሰሶ ሦስት ጊዜ አሰላሁት፤ ሦስት የተለያየ መልስ መጣ።

ማታ ደብተሩን ገልጣ አየችው። ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። 

ሐሙስ

ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ወሰን ሄድኩ። የሰብለ ቀን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ስለሆነ እንደማላገኛት አውቃለሁ። ለዚያ ልጅ፣ ለናትናኤል፣ የምለውን ሚኒባስ ውስጥ አዘጋጅቼ ነበር። የጋራዡን የብረት ደረጃ ስወጣ ጠፋኝ።

ለመመዝገብ የመጣሁ መሰለው። "ይግቡ ጋሼ፣ ይቀመጡ" ብሎ ከኋላ ወንበር ሰጠኝ። ከፎቶው ይልቅ በአካል መልከ መልካም ነው፤ አልዋሽም። ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተነሡ በሚመጣው እሑድ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ይናገራሉ። አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ተነሣች፤ እናቷን ልትጠይቅ ነው። ሁለተኛው ቃል ላይ ስትስት ከተቀመጥኩበት አረምኳት። ደነገጠች። ሌላ ቃል አልወጣትም፣ ተቀመጠች።

ናትናኤል አልተቆጣም። "ጋሼ፣ እዚህ ቤት ተናጋሪው ሳይጨርስ አናርምም" አለኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ እናትሽ ቤት ምን ልትበሉ ነው ብሎ ጠየቃት። ክፍሉ ሳቀ። ተነሥታ እስከ መጨረሻው ተናገረች። አራት ስህተት። አጨበጨቡላት።

ማን እንደሆንኩ ሳልናገር ወጣሁ። እስከ ትናንት የቀናሁት በመልኩ ነበር። አሁን ደግሞ በትዕግሥቱ። ይኼኛው ይብሳል። ጢምስ እኔም ላሳድግ እችላለሁ።

ዓርብ

"ማክሰኞ ቀዩን አየሁት" አለች፣ ከትምህርቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ። "እስክትጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር።"

ስለ ልጁ ጠየቅኳት። የተናገርኩትን ቃል እዚህ አልጽፈውም። አየችኝና ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተቆረጠ።

"ፈተናውን ከወሰድኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አልፌያለሁ። ለሁለት ዓመት ነው፤ የምሄደው ከአምስት ሳምንት በኋላ።"

ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት።

"በአማርኛ ስጀምር በየመሐሉ ታቋርጠኛለህ። ትምህርት ክፍል ግን ሳልቆም ተናግሬ እጨርሳለሁ። እዚያ ደጋግሜ ልለምደው ብዬ ነው።"

ስለዚህ ናትናኤል ሰምቷል። ተማሪው ሁሉ ሰምቷል። ሚስቴ ልትሄድ መሆኗን ወሰን በሙሉ ሲያውቅ እኔ ሲ.ኤም.ሲ. ቤታችን ተቀምጬ የ"ር" አጠራሯን አርማለሁ።

አልጮህኩም። ትንሽ ጮህኩ።

እሑድ

ከየካ ሚካኤል ስንወጣ ወደ ቤት አልተመለስንም። በባሕር ዛፉ መሐል ያለውን መንገድ ይዘን ወደ ላይ ወጣን። ከተማው ከታች መታየት ሲጀምር ቆመች።

"አሁን ልንገርህ። እስክጨርስ ዝም በል።"

በፈረንሳይኛ ነገረችኝ። ልትሄድ ነው። ወደቡ አጠገብ ቤት ልትከራይ ነው። በየሦስት ወሩ ልትመጣ ነው። ልምጣ ካልኩ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥታ ልትቀበለኝ ነው። ልትፈራም ነው፤ ከሁሉ በላይ የፈራችው ግን ለእኔ መናገሩን ነበር። ከንፈሬን ነክሼ ሰማሁ። ስትጨርስ ላብ አጥምቆኛል፤ ዳገቱ አይደለም።

"ስንት ስህተት?" አለችኝ በአማርኛ።

አልቆጠርኩም አልኳት። ውሸት ነው። ዘጠኝ።

ጅቡቲ ከገባችም በኋላ ትምህርቱ በስልክ እንደሚቀጥል ነገረችኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ። ከማን ጋር ብዬ አልጠየቅኩም። ጥሩ ነው አልኩ። ጥሩ አድርጌ አላልኩትም መሰለኝ፤ ጥቂት እንደሄድን ሳታየኝ "እሺ፣ ሐሙስን አንተ ውሰደው" አለች። "አንድ ጊዜ ካቋረጥከኝ ግን ስልኩን እዘጋዋለሁ።"

እስክንወርድ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁንም ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ ግን የእሱ ነው።